እንጉዳይ ተክል ነው ያልኩበት ዓመት

የካቲት 6 ቀን 1981፣ ቢቸና

እህቴ ይርጋነሽ ልጇን አስከትላ መጣች። ባዘዘው ከኋላዋ ቆሞ የሲንጀር ስፌት መኪናዬን መዘውር በጣቱ ያዞራል።

«ይህን ልጅ ባዮሎጂ አስጠናልኝ» አለች።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ልብሱን ተወውና ልጁን ስፋልኝ።»

የእኔ ቀልድ ተጋብቶባታል። ከዚያ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የመጣችበትን ነገረችኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ቤቷ ድረስ መጥቶ ነበር። ባዘዘው አምና ማትሪክ ወድቋል፤ ዘንድሮም ከወደቀ ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ይተላለፋል ብሏታል። ልጁ በሌላው ትምህርት አይታማም። አምና ነጥቡን ያወረደበት ባዮሎጂ ነው። ከሰሜን የሚመጣው ወሬ ደግሞ ደህና አይደለም፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

የእኔ ባዮሎጂ ከአንድ መጽሐፍ የተገኘ ነው። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ እኔ ቤት ያረፈ ተማሪ ትቶልኝ ሄደ። ደብረ ወርቅ ዜማ ስማር በለመድኩት መንገድ፣ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት። አሁን ሽፋን የለውም። ባዘዘው ሕፃን ሳለ ስለ እንቁራሪት ልብ ስነግረው እየሳቀ ይተኛ ነበር።

እሺ አልኳት። ምን ልላት ኖሯል?

የካቲት 13

ሦስት ሆነው መጡ። ባዘዘው የክፍል ጓደኞቹን ውበቴንና ጥሩአየሁን ይዞ ነው። ውበቴ የእህል ነጋዴ ልጅ ነው፣ ሲቀመጥ ያንቀላፋል። ጥሩአየሁ ጎበዝ ናት፣ ግን ለእንባ ትቸኩላለች።

እንደ የኔታ ነው የማስተምራቸው። ወረቀት የለም። እኔ እመራለሁ፣ እነሱ ይቀበላሉ። «ሚቶኮንድሪያ» ስል በግዕዝ ዜማ ዝቅ አድርጌ ነው፤ እነሱ «ኃይል ሰጪ» ብለው ከፍ ያደርጉታል። ችግሩ ባዘዘው ነው። ለእያንዳንዱ ነገር «ጋሼ፣ ይሄ ይመጣል?» ይላል።

«ኩላሊት ይመጣል?»

«ላንተ መጥቶልሃል፣ ያውም ሁለት።»

ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሳስቷል፤ ነገ እጥፍለታለሁ።

የካቲት 20

ዛሬ አንዲት ተንኮል ሠራሁ። ትንሽ ናት።

ውበቴ አንቀላፍቷል። ባዘዘው አእምሮው ሌላ ቦታ ነው። በሩን ዘጋሁና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ባለፈው ሳምንት ካፖርት የሰፋሁለት አንድ የአዲስ አበባ ሰው ከፈተና አዘጋጆቹ ጋር እንደሚሠራና አርባ ጥያቄ በጆሮዬ እንደነገረኝ ነገርኳቸው። ውበቴ ነቃ። ባዘዘው በርጩማውን ወደ እኔ ሳበ።

ሰውየው የለም። ጥያቄዎቹን ከአሮጌው መጽሐፌ እዚያው እንደ ተቀመጥኩ አወጣኋቸው። በአንድ ምሽት አሥሩን ከነመልሱ ያዙ። ሳምንት ሙሉ ስለምናቸው ያልያዙትን!

«ለማንም እንዳትናገሩ» አልኳቸው። ሲወጡ ብቻዬን ሳቅሁ።

የካቲት 25

ከድር ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንደ ልማዱ በረንዳዬ ላይ ዳማ ተጫወትን፤ እሱ በቢራ ቆርኪ፣ እኔ በለስላሳ። የባዮሎጂ መምህራቸው ነው፣ የወሎ ልጅ። ሲሸነፍ ይቆጣል፣ ስለዚህ እወደዋለሁ።

«ተማሪዎቼ እንጉዳይ ተክል ነው ብለው ሲከራከሩኝ ዋሉ። አንተ ነህ አይደል?» አለኝ።

«እኔ ነኝ። ምን ሊሆን ነበር ታዲያ?»

«መጽሐፍህ አርጅቷል፣ አካለ ወልድ። ድሮ ከተክል ይመደብ ነበር። አሁን ለብቻው ግዛት ተሰጥቶታል።»

«ማንም ሳይዘራው በአንድ ሌሊት በቅሎ ለብቻው ግዛት ከተሰጠው፣ እንጉዳይ ካድሬ ነዋ» አልኩት።

በረንዳው ላይ ልብስ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ሳቁ። ከድር ግን ቆርኪውን እንደያዘ ወደ መንገዱ ተመለከተ።

እንጉዳዩን አልቀየርኩም። ስንት ዓመት የደከምኩበትን መጽሐፍ በአንድ አፍ ሊሽርብኝ?

የካቲት 28

ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀን። ሥራ በዝቷል። ያን ቀልድ እነማን ሰሙት? ቁልፍ ሊያስተክል የመጣው የቀበሌ ጥበቃ። ሁለት የገጠር ሰዎች። ሌላም አንድ ነበር፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ የተቀመጠ። ፊቱ አልመጣልኝም። ሳቀ ወይስ አልሳቀም?

መጋቢት 9፣ ሞጣ

የሰፋኋቸውን ቁምጣዎች ይዤ ለገበያ መጣሁ። ሸራዬን ከዘረጋሁበት አጠገብ ሁለት ተማሪዎች ግንብ ተደግፈው ያጠናሉ። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። መጀመሪያ የደረሰኝ ዜማው ነው። የኔ ዜማ ነው። «ሚቶኮንድሪያ» ዝቅ፣ «ኃይል ሰጪ» ከፍ።

«ምንድን ነው የምታጠኑት ልጆቼ?» አልኳቸው።

«ማትሪክ ነው አባባ። ወጥቷል» አለኝ ትንሹ፣ ጆሮዬ ሥር።

«ከየት አገኛችሁት?»

«ከቢቸና ነው የመጣ። እኔ ሹራቤን ሰጥቼ ነው ያገኘሁት። ሃምሳ ጥያቄ ነው።»

እኔ ያወጣሁት አርባ ነው። አሥሩን ማን ጨመረው? በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ በዚህ አንድ ወር እስቅ ነበር። ልጁ በሸሚዝ ብቻ ነው፤ ሞጣ ደግሞ ንፋሱ ይበርዳል። አንድ ቁምጣ ልሰጠው አሰብኩና ለምን ብሎ ቢጠይቀኝስ ብዬ ተውኩት።

ጓደኛው «የእንጉዳዩን ያዝከው?» ሲለው ሰማሁ።

ሸራዬን ጠቅልዬ ገበያው ሳይፈታ ተነሣሁ።

መጋቢት 12፣ ቢቸና

ሦስቱን አፋጠጥኳቸው። ጥሩአየሁ አለቀሰች፤ ሞጣ ላለች የአክስቷ ልጅ ነግራለች። ውበቴ ለማን እንደነገረ ቆጥሮ መጨረስ አልቻለም። ባዘዘው ለማንም አልተናገረም። «ግን ጋሼ፣ እኛ እስካወቅነው ድረስ ሌላው ቢያውቅ ምን ይጎዳናል?» አለኝ።

ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አርባውን እንደ ውኃ ይጠጣቸዋል፤ ውሸት ነው ብዬ ብነግረው ሁሉንም ይጥለዋል። ዝም ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

መጋቢት 20

ጓድ ስማቸው ሱሪ ሊለካ መጣ። የአውራጃው ካድሬ ነው፣ ትምህርት ቤቱንም እሱ ነው የሚከታተል። መስታወቱ ፊት አቁሜ ወገቡን እለካለሁ።

«አካለ ወልድ፣ አንተ ዘንድ ወሬ አይጠፋም» አለኝ።

«ጓድ ስማቸው፣ እኔ ዘንድ የሚጠፋው መርፌ ብቻ ነው።»

በመስታወቱ ውስጥ ሳቀልኝ። ከዚያ ሳቁን ሳይጨርስ፣ «ፈተና ወጥቷል። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለ ተማሪ ሁሉ ይዞታል። ወረቀቱን ፈልገን አጣን» አለ።

«ወረቀት ባይኖረውስ?»

«ያለ ወረቀት ፈተና የት አገር አለ?»

በስፒል ወጋሁት። ይቅርታ ጠየቅሁ። «ጾሙ ጎድቶሃል» አለኝ። የወገቡን ልክ ረሳሁት። ድጋሚ ልለካው አልደፈርኩም።

መጋቢት 24

ከድርን ወሰዱት። ከክፍል ነው የጠሩት። የትምህርት ቤቱን ፈተና በስቴንስል የሚቆርጠውም፣ ማባዣውን የሚያዞረውም እሱ ነው፤ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ሌላ ማንን ይይዛል?

ዳማችን በረንዳው ላይ እንደተዘረጋ ነው። የሱ ተራ ነበር።

መጋቢት 25

ሥራ አልሠራሁም። መኪናው ተበላሽቷል አልኩ። አልተበላሸም።

መጋቢት 30

ትናንት ረመዳን ገባ። ከድር ዘመድ የለውም እዚህ። ቅቤ የሌለው ሽሮ ለእኔ የጾም፣ ለእሱ ማፍጠሪያ ይሆናልና፣ ይርጋነሽ ሠርታልኝ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ እስር ቤቱ ይዤለት ሄድኩ። ጥበቃው እንጀራውን በጣቱ ወጋ ወጋ አድርጎ አሳለፈኝ። በሽቦው በኩል አየሁት። ጢሙ አድጓል።

«አንድ ተማሪ አስለፍልፈው ጥያቄዎቹን በሙሉ ጽፈዋቸዋል። አነበቡልኝ» አለኝ።

«እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። አንዱ የእንጉዳይ ነው።» ቀና ብሎ አየኝ። «መልሱ ተክል ነው ይላል።»

«ሽሮው እንዳይበርድብህ» አልኩት።

«አይበርድም» አለ። «ይህን ማን ሊያወጣው ይችላል ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው።»

ከዚያ አዛን የለም እንጂ ሰዓቱ ደርሷል ብሎ ውኃውን ጠጣ። ስለ ዳማው ጠየቀኝ። እንደነበረ ነው አልኩት።

ምናልባት አልገባውም ይሆናል። ገብቶት ቢሆን ይናገር ነበር። ማንም ሰው ቢሆን ይናገራል።

ሚያዝያ 4

ይርጋነሽ «ምን ሆነሃል? ሰው ቀልዱን ጾመው ብሎ ይስቅብሃል» አለችኝ። ቀጠለችና ባዘዘው በእንቅልፉም ያን ዜማ እንደሚል ነገረችኝ። ደስ ብሏት ነው የምትነግረኝ። «ዘንድሮስ ያልፍልኛል። እድሜ ላንተ።»

ማምሻውን ወደ ስማቸው ቢሮ ሄጄ ነበር። በሩ ድረስ። የተሰፋውን ሱሪ ላደርስ ነው የመጣሁት ብዬ ለጸሐፊዋ ሰጥቼ ተመለስኩ።

ግድግዳውን ያይ የነበረው ሰውዬ ማን ነው? ጀርባውን አስታውሳለሁ። ሰፊ ነው። ስንት ሰፊ ጀርባ ለክቻለሁ።

ሚያዝያ 8

ወደ ሞጣ። የዘንድሮ ፈተና ጣቢያ እዚያ ነው። እንደ ዘመድ ልጠብቃቸው ብዬ አብሬ ተጫንኩ። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ተሳለምኩ፤ ምን እንደምለምን ግን አላወቅሁም። ከግንደወይን ወዲህ አይሱዙው ላይ ያለው ተማሪ ሁሉ ዜማውን ያዘ። ሾፌሩም ተቀበለ። 

ሚያዝያ 10፣ ሞጣ

ጠዋት ስማቸው ተማሪዎቹን አሰልፎ ተናገረ። ከአጥር ውጭ ሆኜ ሰማሁ። «ባዮሎጂ ሐሙስ ነው። አፋችሁ ላይ ያለው ጥያቄ አንዱም እንኳ ወረቀቱ ላይ ቢገኝ የቢቸና ውጤት በሙሉ ይሰረዛል። ወንዶቹ ከዚህ በቀጥታ ወደ ቀበሌያችሁ፣ ከዚያም የት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።»

ሚቶኮንድሪያ የማይጠየቅበት ፈተና የት አለ? ኩላሊት፣ ልብ፣ ቅጠል የማይጠየቅበት? አርባውም ባይመጡ አምስቱ ይመጣሉ። ከመጡ ባዘዘው ይሄዳል። ካልመጡም ሌላ ያጠናው የለምና ይሄዳል። እንዲመጣለት ያስተማርኩትን እንዳይመጣ እየጸለይኩ ዋልኩ።

ሚያዝያ 11

ዛሬ ሁለቱንም ኑዛዜ ጨረስኩ። 

መጀመሪያ ለልጆቹ ነገርኳቸው፣ በተከራየንላቸው ክፍል። የአዲስ አበባው ሰውዬ የለም፣ ካፖርቱም የለም፣ ጥያቄዎቹን እኔ ነኝ ያወጣሁ አልኳቸው። ጥሩአየሁ ዛሬ አላለቀሰችም። ውበቴ ቀልድ መስሎት የሚስቅበትን ቦታ ይጠብቃል።

«ሁሉም?» አለ ባዘዘው።

«ሁሉም።»

«ሚቶኮንድሪያውም?»

«ሚቶኮንድሪያው እውነት ነው። ትምህርቱ እውነት ነው። ከላይ መጣ ማለቴ ነው ውሸቱ።»

«እንጉዳዩስ?»

«እሱ ስህተት ነው። ተክል አይደለም። መምህር ከድር ነግሮኝ ነበር።»

«እናቴ ላንተ ነው የሰጠችኝ» አለኝ። ከተወለደ አንተ ብሎኝ አያውቅም። መጽሐፉን አንሥቶ፣ መንግሥት ያወጣውን አዲሱን፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወጣሁ።

ስማቸው ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ነበር፤ ከናዝሬት የመጣች አንዲት ፈታኝ መምህርት አብራው ሻይ ትጠጣለች። ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ አልኩት። ሳቀ። ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ።

«ይኸውልሽ፣ የቢቸናው ቀልደኛ ልብስ ሰፊ ይኼ ነው ያልኩሽ» አላት። «አካለ ወልድ፣ ለጓደኛህ ብለህ ነው። ሂድ፣ ሥራ ላይ ነን።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዲስቅ ስደክም ኖሬ፣ እንዳይስቅ የማደርግበትን መንገድ ግን አልተማርኩም። የማውቀው አንድ ነገር ነበር። ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ አዜምኩላቸው። ጥያቄውን ዝቅ፣ መልሱን ከፍ። ስማቸው ያስለፈለፉትን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ በጣቱ ይከተለኝ ጀመር። ድምፄ አልሳተም።

እንጉዳዩ ላይ ስደርስ መምህርቷ «ቆይ» አለች። «ተክል?»

«ተክል፣ የኔ እመቤት። መጽሐፌ እንዲያ ይላል።»

«የምን መጽሐፍ ነው?»

ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ገለጥ ገለጥ አደረገችና ለስማቸው ገጹን አሳየችው። «ይህ መጽሐፍ ከተተወ ስንት ዓመቱ። አሁን ልጆቹ የሚማሩት ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያወጣ ፈታኝ የለም፤ የባዮሎጂ መምህርም ይህን መልስ አይሰጥም። ሰውየው እውነቱን ነው» አለችው። «ነገ ሚቶኮንድሪያ ቢመጣ ደግሞ አትደነቅ። በየዓመቱ ይመጣል።»

ስማቸው ወረቀቱን አጠፈው። መሳቁን ትቷል።

«ስለዚህ የቢቸና ልጆች ይፈተናሉ፤ መምህሩም ይለቀቃል» አለ፣ ለእሷ ይመስል። ከዚያ ወደ እኔ፦ «እንጉዳይ ካድሬ ነው ያልከውም አንተ ነህ አይደል?»

ኮፍያዬን መልሼ ደፋሁ። 

«የመኪናህ ጭንቅላት ይነቀላል?»

መጀመሪያ የራሴን ጭንቅላት ያለኝ መስሎኝ ነበር። «ይነቀላል» አልኩ።

«የውትድርና ማሰልጠኛው ልብስ ሰፊ የለውም። በሳምንት ውስጥ ትዘጋጃለህ። ሱሪውንም አጥብበህብኛል።»

ሚያዝያ 12

ተማሪዎቹ ወጡ። ባዘዘው በአጠገቤ አለፈ። ጥሩአየሁ ቆማ ነገረችኝ፤ ከሚከተሉት ውስጥ ተክል ያልሆነው የቱ ነው የሚል መጥቷል፣ ከምርጫዎቹ አንዱ እንጉዳይ ነው። እሷ እንጉዳይን መርጣለች።

«ባዘዘውስ?»

«አልነገረንም፣ ጋሼ።»

ሚያዝያ 17፣ ቢቸና

ከድር ወጥቷል። እኔ ስጫን መጣና ሲንጀሯን በአንድ ወገን አነሣልኝ። ከሲታ ሆኗል። «ቆርኪዎቹን ያዝ» ብሎ ጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ከተታቸው። እኔ የጭነቱን ገመድ አጠበቅሁ። ይቅርታ ልለው ይገባኝ ነበር።

ይርጋነሽ በሶ አምጥታለች። ባዘዘው ለምን አልመጣም አልኳት። «እያጠና ነው» አለችኝ። ፈተናው ካለቀ ሰነባብቷል።

ሰኔ 21፣ ማሰልጠኛው

ቀኑን ሙሉ ካኪ። አዲስ ገቢዎች ሲመጡ ተሰልፈው እለካቸዋለሁ። ከእግር ነው የምጀምረው። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት። ፊት መጨረሻ ነው። አለቃዬ ለምን ከላይ አትጀምርም ይለኛል፤ እንዲህ ነው የተማርኩት አልኩት። ብዙዎቹ የባዘዘው ልክ ናቸው። ጉልበታቸው ላይ የሳሳ ሱሪ ያደረጉም አሉ።

ባዘዘው ዛሬም ከመሃላቸው የለበትም።

ሐምሌ 30

ዛሬ የለበትም። አንዱ ግን እንደ እሱ አምና ማትሪክ የወደቀ ነው፤ ስለካው «አይዞህ» ልለው ብዬ ቀልድ ፈለግሁ። አላገኘሁም።

ነሐሴ 23

ከድር መጣ። ዝናብ አበስብሶት፣ ጫማውን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ጥበቃው እስኪያስገባው ድረስ ፊቱን ላነበው ሞከርኩ። ዳማ ሲጫወትም እንዲሁ ነው፣ ፊቱ አይነበብም።

«አለፈ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «ውጤት መጥቷል። ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ባዮሎጂ ሲ ነው ያገኘ።»

መቀሱን አስቀመጥኩ። ክር ልሰካ ፈለግሁ፣ አልገባልኝም። ከድር ወስዶ ሰካልኝ።

ቆርኪዎቹን አውጥተን ካኪ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ ሰሌዳ ሠራን። የይርጋነሽን እልልታ፣ የሊቀመንበሩን ዝምታ አወራልኝ። ጥሩአየሁም አልፋለች። ውበቴን አባቱ ወደ ዘመድ አገር ልኮታል።

«ባዘዘው ሰላም አለኝ?» አልኩት።

«ብሎሃል።»

«ምን አለ?»

«ሰላም በልልኝ አለ።» ዓይኑን ከሰሌዳው አላነሣም።

«እንዴት ብሎ? ጋሼን አለ፣ ወይስ አጎቴን?»

ከድር ተራው ሳይሆን አንድ ቆርኪ አንቀሳቀሰ፤ ያውም ወደ ኋላ። እሱ ሲጫወት ሕግ የሚጥስ ሰው አይደለም፣ ሰው ቢጥስበትም ይቆጣል።

ሰላምታው ከማን እንደመጣ ገባኝ። «ተራው ያንተ ነው» አልኩት፣ ድጋሚ እንዲሄድ። አሸነፈኝ። ከዚያ ወደ መቀሴ ተመለስኩ፣ ያልተቆረጠ ብዙ ካኪ አለብኝ።